የሞስኮ የገደል ማሚቶ

እሑድ እሑድ የምንሰበሰብበት ቤት አለ። የአንዷ ጓደኛችን የወላጆቿ ቤት ነው። ቡና ይፈላል፣ ፈንዲሻ ይቀርባል፣ ከዚያ አባቷ ስልካቸውን ከረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጡና አንዲት ሴትዮ በራሽያኛ ማውራት ትጀምራለች። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። በ1980ዎቹ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተልከው፣ ካርኮቭ ከተማ ስድስት ዓመት ኖረው፣ ኢንጂነር ሆነው የተመለሱ ሰው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ራሽያኛቸው ዛሬም አልዛገም። የእኛ ራሽያኛ ግን «ስፓሲባ» ላይ ይጀምርና እዚያው ያልቃል።

ስለዚህ አሠራራችን እንዲህ ነው። ጋሼ ሁለት ደቂቃ ያዳምጣሉ፣ ያቆሙታል፣ ይተረጉሙልናል፣ ያብራሩልናል፣ አንዳንዴም ከተናጋሪዋ ጋር ይጨቃጨቃሉ። የአንድ ሰዓት እንኳ ያልሞላ ፕሮግራም ከአቦል እስከ በረካ ይፈጃል። ማንም ሰው ፖድካስት እንደዚህ የሚያዳምጥ አይመስለንም። እኛ ግን ታሪክን የወደድነው በዚህ መንገድ ነው እንጂ በክፍል ውስጥ አይደለም፤ አስተማሪዎቻችን ይቅር ይበሉን።

ዛሬ የምናወራችሁ ስለዚህ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ስለሌለ።

ልክ ነው

ስሙ «ቭስዮ ታክ» ነበር። ጋሼ «ልክ ነው» ብለው ተረጎሙልን። እዚያው ጣቢያ ላይ «ኔ ታክ» ማለትም «እንዲህ አይደለም» የሚባል ሌላ የታሪክ ፕሮግራም ነበረ። አንዱ «ልክ ነው» ይላል፣ ሌላው «እንዲህ አይደለም» ይላል፣ ሁለቱም በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። እስቲ እንዲህ ያለ ጣቢያ አስቡት!

«ልክ ነው» ላይ የሚያወሩት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ፕሮፌሰር ናታልያ ባሶቭስካያ ናቸው፤ የመካከለኛው ዘመን ታሪክ ምሁር፣ በተለይ እንግሊዝና ፈረንሳይ የተዋጉትን የመቶ ዓመት ጦርነት ሲያጠኑ የኖሩ። ሌላው አሌክሴይ ቬኔዲክቶቭ የጣቢያው ዋና አዘጋጅ ሲሆኑ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በየፕሮግራሙ አንድ የታሪክ ሰው ይነሳል። ዣን ዳርክ፣ ሳላዲን፣ ሃኒባል፣ ጄንጊስ ካን። ሙዚቃ የለም፣ የፈረስ ኮቴ ድምፅ የለም፣ የሰይፍ ፍጭት የለም። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ። በቃ።

እኛ ጋዜጠኝነት ስንማር አድማጭ ቶሎ ይሰለቻል፣ ቶሎ ቶሎ ድምፅ ቀይሩለት ተብለናል። ባሶቭስካያ ይህንን ትምህርት አልሰሙትም መሰለን፤ ስለ አንድ ንጉሥ ልጅነት ብቻ ሩብ ሰዓት ያወራሉ። ጋሼ አንዴ ስልኩን አቁመው «እዩ፣ ይቺ ሴትዮ ስለ ሞተ ሰው ስታወራ ልክ ትናንት ቀብሩን እንዳዋለች ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ትርጉሙ ሳይደርሰን እንኳ ድምፃቸው ሐዘንና ቁጣውን ይነግረን ነበር።

ባሶቭስካያ በግንቦት 2019 በ78 ዓመታቸው አርፈዋል። እኛ እሳቸውን ያገኘናቸው ከሞቱ በኋላ ነው፤ የጣቢያው ድረ ገጽ ላይ፣ መዝገብ ውስጥ። በመጋቢት 2020 በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ሁላችንም ቤታችን ገባን፤ ያ ጊዜ የጋሼ ቡናና የባሶቭስካያ ጊዜ ሆነ። ድረ ገጹ ላይ ድምፁ ብቻ ሳይሆን የተባለው ነገር በሙሉ በጽሑፍ ተገልብጦ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ያላጠሩትን ቃል መነጽራቸውን አድርገው ከጽሑፉ ይፈልጉ ነበር።

በሰኔ 2020 መጨረሻ ደግሞ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገር አቀፍ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። እሑድ መጣ፣ ቡና ተፈላ፣ ስልኩ ዝም አለ። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ስኒያቸውን ብቻ ያሽከረክሩ ነበር። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ጓደኛችን ቁጭ ብላ ያገኘችውን ሁሉ አውርዳ ፍላሽ ላይ ጫነችላቸው። 43 ፕሮግራም ነበር። «እንደ ሽንብራና ምስር ለክፉ ቀን ታከማቻለች» ብለን ሳቅንባት።

ፍላሹን ያዙልን፣ እንመለስበታለን።

ከሌላ ጣቢያ የሸሹ ሰዎች

ጣቢያው «ኤኾ ሞስክቪ» ይባላል። «ኤኾ» በአማርኛ የገደል ማሚቶ ነው። ስለዚህ የሞስኮ የገደል ማሚቶ ልንለው እንችላለን።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1990 ነው። በሰኔ የሶቭየት ኅብረት አዲስ የፕሬስ ሕግ ወጣ፣ ቅድመ ሳንሱርን አስቀረ፤ ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው ነሐሴ 1 ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ነሐሴ 22 ቀን፣ ከቀይ አደባባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ጣቢያ አየር ላይ ዋለ። መጀመሪያ ካሰሟቸው ነገሮች አንዱ የቢትልሶች «ኦል ማይ ላቪንግ» ነበር። ከመሥራቾቹ መካከል የሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ፋኩልቲ ይገኝበታል። የእኛ ፋኩልቲ ጣቢያ ቢመሠርት ብላችሁ አስቡት እንግዲህ።

ዋናዎቹ ጀማሪዎች ሰርጌይ ኮርዙንና ሰርጌይ ቡንትማን ከየት የመጡ ይመስላችኋል? ከመንግሥት የውጭ ስርጭት። ያ ራዲዮ ሞስኮ የሚባለው፣ በ1929 በጀርመንኛ የጀመረውና ኋላ በአማርኛ ጭምር ለዓለም ሲናገር የኖረው ጣቢያ። ሁለቱ የሚሠሩት በፈረንሳይኛው ክፍል ነበር። ማለትም ሥራቸው የአገራቸውን መንግሥት ለባዕድ ሰው ማሞገስ ነበር። አንድ ቀን ደከማቸውና ለራሳቸው ከተማ ሰው፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ እንደ ሰው ለመናገር ወሰኑ።

ፈተናው ቶሎ መጣ። በጥር 1991 የሶቭየት ጦር ቪልኒየስ ውስጥ የቴሌቪዥን ማማውን ለመያዝ ሲገባ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ የመንግሥት ሚዲያ ሲያድበሰብሰው ይህ ትንሽ ጣቢያ ዘገበው። በዚያው ዓመት ነሐሴ 19 ቀን ጠዋት ደግሞ የመፈንቅለ መንግሥት ኮሚቴ ሥልጣን ያዝኩ አለ፤ ጎርባቾቭ ክራይሚያ ላይ ታገቱ፤ ቴሌቪዥኑ የባሌ ዳንስ ያሳይ ጀመር። ኤኾን ኬጂቢ ገና በጠዋቱ ዘጋው። ተመልሶ ተከፈተ። እንደገና ተዘጋ። ጋዜጠኞቹ ድምፃቸውን በስልክ መስመር በቀጥታ ወደ ማሰራጫው እየላኩ ቀጠሉ። በሦስተኛው ቀን ፈንቃዮቹ ተሸነፉ። በማግስቱ፣ ነሐሴ 22 ቀን፣ ጣቢያው አንደኛ ዓመቱን ደፈነ።

ጋሼ ያን ጊዜ ሞስኮ ነበሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ አገር የሚመልሳቸውን አውሮፕላን እየጠበቁ አንድ ጓደኛቸው የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ተጠግተው ነበር። በግንቦት ደርግ ወድቋል፤ የላካቸው መንግሥት የለም። አሁን ደግሞ የተቀበላቸው መንግሥት በዓይናቸው ፊት እየፈረሰ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አንዲት ትንሽ ራዲዮ ከበው ተኝተው ነበር ይላሉ። ድምፁ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። «ሲጠፋ የምናፍር ይመስል ዝም እንላለን፤ ሲመለስ አቅፈን እንስማት ነበር ራዲዮዋን» ብለውናል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ስልካቸው ላይ ያንኑ ጣቢያ የከፈቱት ለዚህ ነው እንጂ ለሳላዲን ብለው አልነበረም።

የተፈቀደ ድምፅ

እዚህ ላይ ጀግና አድርገን ልንጨርሰው እንችል ነበር። ነገር ግን ታሪክ ነውና «እንዲህ አይደለም» የሚለውንም ፕሮግራም እንክፈተው።

ራዲዮ ገንዘብ ይበላል። በ1994 ጣቢያው ቭላድሚር ጉሲንስኪ በተባለ ባለሀብት እጅ ገባ። ፑቲን ሥልጣን ላይ ወጡ፤ ጉሲንስኪ ከመንግሥት ጋር ተጣላና አገር ጥሎ ወጣ። በ2001 የጣቢያው አብላጫ ድርሻ፣ 66 በመቶው፣ ወደ ጋዝፕሮም ሚዲያ ተዛወረ። ጋዝፕሮም ማለት የመንግሥት የጋዝ ኩባንያ ነው። ልብ በሉ፣ መንግሥትን ከማንም በላይ የሚተቸው ራዲዮ ባለቤቱ የመንግሥት ኩባንያ ሆነ ማለት ነው። ለሃያ ዓመት ይህ እንቆቅልሽ እንደዚሁ ኖረ።

ለምን ኖረ? አንዳንዱ «ቬኔዲክቶቭ ብልጥ ስለሆነ ነው፣ ከሁሉም ጋር ያወራል» ይል ነበር። እውነትም ጣቢያው ላይ ተቃዋሚም ባለሥልጣንም ይቀርብ ነበር። ሌላው ደግሞ «ለውጭ ሰው ማሳያ ነው፣ ይኸው ነፃነት አለን ለማለት ያስቀመጡት የመስኮት ዕቃ ነው» ይል ነበር። የራሽያ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ዓመታት ተከራክረዋል። የኛ ግምት ሁለቱም ልክ ናቸው የሚል ነው። ጋዜጠኞቹ ሥራቸውን በሐቅ ይሠሩ ነበር፤ ባለቤቱ ደግሞ እስከፈለገ ድረስ ይታገሳቸው ነበር። በ2012 ፑቲን ራሳቸው ከአዘጋጆች ጋር በተሰበሰቡበት ቬኔዲክቶቭን ፊት ለፊት በጣቢያቸው ወቅሰዋቸዋል፤ ጣቢያው ግን አልተዘጋም።

በነፃ የኖሩበትም ጊዜ አልነበረም። በጥቅምት 2017 አንድ ሰው ጥበቃውን አልፎ፣ 14ኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮ ዘልቆ፣ ታትያና ፌልገንሃወር የተባለችውን ጋዜጠኛ አንገቷ ላይ በስለት ወጋት። ተረፈች። ድኗ ተመልሳ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች። ይህንን ስናነብ ከእኛ አንዷ «እኔ ብሆን ሱቅ እከፍታለሁ» አለች። ማናችንም አልሳቅንም።

መጋቢት 1

የካቲት 24 ቀን 2022 ራሽያ ዩክሬንን ወረረች። ከሁለት ቀን በኋላ የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪው ኤኾን ጨምሮ ለበርካታ ሚዲያዎች ማስጠንቀቂያ ላከ። «ጦርነት» አትበሉ፣ «ወረራ» አትበሉ። በሌላ አነጋገር፣ የመቶ ዓመት ጦርነትን ያስተማረን ጣቢያ የሦስት ቀኑን ጦርነት በስሙ እንዳይጠራ ታዘዘ።

መጋቢት 1 ቀን ጠዋት የካርኮቭ ማዕከላዊ አደባባይ ላይ ያለው የአስተዳደር ሕንጻ በሚሳይል ተመታ። ጋሼ ቪዲዮውን አሥር ጊዜ ሳይከፍቱት አልቀሩም። አደባባዩ በእሳቸው ጊዜ በኬጂቢ አባት በዤርዥንስኪ ስም ነበር የሚጠራው፤ ዛሬ የነፃነት አደባባይ ይባላል። በረዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት እዚያ ነው። ራሽያኛ የተማሩትም በዚያች የዩክሬን ከተማ ነው። የሚደበድበውም የሚደበደበውም ያንን ቋንቋ ሲናገር መስማት ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው ጠይቀናቸው አልመለሱልንም።

በዚያው ቀን ማታ ኤኾ ከአየር ላይ ወረደ። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ምክንያት ስለ ራሽያ ጦር ሆን ተብሎ ሐሰተኛ መረጃ ይሰራጫል፣ ወደ ጽንፈኝነት ጥሪ ይደረጋል የሚል ነበር። መጋቢት 3 ቀን የዳይሬክተሮች ቦርዱ ተሰብስቦ ጣቢያውም ድረ ገጹም እንዲፈርስ ወሰነ። የ66 በመቶው ትርጉም ያን ቀን ገባን። በ1991 ታንክ ይዘው የመጡ ሰዎች ያቃታቸውን፣ በ2022 ድምፅ የሰጡ የቦርድ አባላት ፈጸሙት። በማግስቱ ስለ ጦሩ «ሐሰተኛ መረጃ» ላሰራጨ እስከ 15 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ሕግ ወጣ።

ያን እሑድ ቡናው ተፈላ። ጋሼ ስልካቸውን ከፈቱ። ገጹ አይከፍትም። «ኔትዎርክ ነው» አልናቸው። ሌላ ስልክ ሰጠናቸው። እሱም አይከፍትም። ልጃቸው ዜናውን አንብባ ነገረቻቸው። ትንሽ ዝም ብለው «መዝገቡስ?» አሉ።

ጥያቄው ይኼ ነው። ጣቢያ መዘጋቱን በታሪክ ብዙ ጊዜ አይተናል። የዛሬውን ስርጭት መዝጋት የነገን አፍ መዝጋት ነው። ድረ ገጹን ማፍረስ ግን የትናንቱንም አፍ መዝጋት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፉ ፕሮፌሰር ስለ ሃኒባል ያሉት ነገር ለየትኛው ጦር ያሰጋል? ለማንም። ግን ከዜናው ጋር አብሮ ተጠረገ። ሴትዮዋ ደግሞ ዕድሜያቸውን ያስተማሩት የት መሰላችሁ? በሞስኮ የታሪክና የመዛግብት ተቋም ውስጥ ነው፤ ሥራው መዝገብ የሚጠብቁ ሰዎችን ማሠልጠን በነበረ ተቋም።

ፖድካስት ያድናል?

ፖድካስት የሚለው ቃል የተፈጠረው በ2004 ነው። በቀጣዩ ዓመት አፕል አይቲዩንስ ላይ ጨመረው። እኛ ያደግነው ከዚህ ነገር ጋር ነው፤ ተስፋውም ትልቅ ነበር። ሞገድ አያስፈልግም፣ ማማ አያስፈልግም፣ ፈቃድ አያስፈልግም። ማንም ተናግሮ ማንም ይሰማል። ኬጂቢ የሚነቅለው ሶኬት የለም።

በከፊል እውነት ነው። የኤኾ ሰዎች በወራት ውስጥ ዩቲዩብ ላይ «ዢቮይ ግቮዝድ» የሚባል ቻናል ከፍተው ማውራት ቀጠሉ፤ ሌሎቹ በርሊን ሆነው «ኤኾ»ን በመተግበሪያ አስነሱት። በ2024 ደግሞ ራሽያ ውስጥ ዩቲዩብ እንዲንቀራፈፍ ተደረገ። ሶኬቱ አለ ማለት ነው፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ከሞስኮ ማማ ወደ ሰርቨር ሄደ። እኛም በ2020 ክረምት ሶኬቱ የት እንዳለ አይተናል።

ታዲያ ምን ያድናል? የሚያድነው ቴክኖሎጂው ሳይሆን ገልባጩ ነው። ይህንን ደግሞ ከማንም በላይ የእኛ አገር ሰው ሊያውቀው ይገባል። መጽሐፈ ሄኖክ በጥንት ዘመን በብዙ አገር ይነበብ ነበር፤ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው ግን በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ ሲደርስ ዓለም ጠፋ ያለውን መጽሐፍ መልሶ አገኘ። ያዳነው ንጉሥ አይደለም፣ ሠራዊትም አይደለም። ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው፣ አጎንብሰው የገለበጡ ሰዎች ናቸው። ምናልባት በዘመናቸው «ምን ያደርግልሃል?» ተብለው ተስቆባቸዋል።

ባሶቭስካያም ፈጽመው አልጠፉም። ብዙ የማናውቃቸው አድማጮች በየግላቸው ያወረዱትን መልሰው ዩቲዩብ ላይ ጭነውታል። ተበታትኗል፣ አንዳንዱ ጅማሬው ተቆርጧል፣ አንዳንዱ ቀኑ አይታወቅም። ድምፁ ግን አለ። ሰሞኑን እሑድ እሑድ የምናዳምጠው ይህንን ፍርስራሽ ነው።

አንድ ነገር እንጨምርና እንጨርስ። ሞስኮ ውስጥ ኤኾ የነበረበት ኤፍ ኤም 91.2 ባዶውን አልቀረም። በዚያው መጋቢት ወር 2022 ስፑትኒክ ለተባለው የመንግሥት ራዲዮ ተሰጠ። ይኸው ስፑትኒክ በ2025 አዲስ አበባ ቢሮ ከፍቶ በአማርኛ ለእኛ መናገር ጀምሯል። ነገሩ ዞሮ ይገርማል። ኮርዙንና ቡንትማን ትተውት የሸሹት የውጭ ስርጭት ወራሹ ቤታችን ድረስ በቋንቋችን መጣ። እነሱ የመሠረቱትን ደግሞ ለመስማት የጋሼ ትርጉም፣ ሦስት ስኒ ቡናና አንድ ፍላሽ ያስፈልገናል።

ፍላሹ! አልረሳነውም።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡን። አርባ ሦስቱም አሉ፣ ከፍተን አየናቸው። ዣን ዳርክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለች። ጓደኛችን ላይ የሳቅነውን ሁሉ ይቅርታ ጠየቅን፤ ይቅርታው በክትፎ እንዲሆን ወስና ተፈጽሟል። ጋሼ ግን ቀልዱን አልሰሙትም።

«ሦስት ቦታ ገልብጡት» አሉ። «አንዱን ከዚህ ቤት አውጡት።»

ገለበጥነው።